«እልፊት ነው» ብሎ ነገር! የአጂፗ ቡና ሻጭ ጉዳይ

የሂርማታው፦ ሰላም ጅማዎች። ዛሬ ጠዋት አንዱ «አጂፕ ጋ በጥፊ የተመታችው ቡና ሻጭ ጉዳይ በጃርሱማ፣ በሽማግሌ እርቅ፣ አልቋል፣ ሕጉም ቢሆን እልፊት ነው የሚለው፣ አታካብዱ» ብሎ እዚህ ለጥፎ አየሁ። ቁርሴ አልወርድ አለኝ። ሹፌሩ ባጃጁን የደንበኞቿ መቀመጫ ዱካዎች ላይ አስጠግቶ አቆመ፣ «ትንሽ ፈቀቅ በልልኝ» አለችው፣ በጥፊ አላት። ረከቦቱ ተገልብጦ ፍሙ ቀሚሷ ላይ ሲበተን እዚያው ቆሜ ነበር። አታካብዱ?

ቆጪ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አልደበቅም። ሹፌሩም የአክስቴ ልጅ ነው፣ እሱንም አልደብቅም። የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 560 አንብብ። ጉዳት ሳያደርስ የተሰነዘረ እጅ «የእጅ እልፊት» ይባላል። መቀጮው እስከ 300 ብር፣ ከበድ ካለ እስከ 3 ወር እስራት። ያውም እሷ አቤት ካለች። እኔ አላወጣሁት።

ጀበና፦ እልፊት! ሲሉት እንዴት ያምራል። እጁ ሽርሽር ወጥቶ በጉንጯ በኩል ያለፈ ነው እኮ የሚመስለው።

ቆጪ፦ ቃሉ የሕጉ ነው አልኩሽ።

ጀበና፦ ቃሉማ ገብቶኛል። ያለፈው እጁ ነው፣ ያላለፈው የጆሮዋ ጩኸት ነው።

ጡረተኛው፦ ልጆች፣ መዝገብ ቤት ያረጀሁ ሰው ነኝና አንዴ ስሙኝ። 560 ቀላል ሰንበርን፣ እብጠትን፣ ቶሎ የሚለቅ ሕመምን ከጉዳት አይቆጥርም። ከዚያ ካለፈ 556 ይመጣል፣ እስከ 1 ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ። ጆሮዋ እስከነጭራሹ ከደነቆረ ደግሞ ስለ 555 ማውራት እንጀምራለን፣ ጣሪያው 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው፣ ወለሉ የ1 ዓመት ቀላል እስራት። የኔ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። ያቺው አንዲት ጥፊ ከ300 ብር ተነስታ የት ድረስ እንደምትሄድ እዩ። መንገዱን የምትመርጠው ደግሞ ሐኪሙ የጻፋት አንዲት መስመር ናት።

ቆጪ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ልጁ ጆሮ ላደንቁር ብሎ ነው እንዴ የመታት?

ጡረተኛው፦ እሱን ዳኛው ያየዋል። የኔ ጥያቄ ዳኛው ፊት ደረሰ ወይ ነው።

የሂርማታው፦ አልደረሰማ! የሐኪም ወረቀቷን አይቻለሁ፣ «ግራ ፊት ላይ እብጠት» ይላል፣ በቃ። የተመታች ዕለት ማታ ነው የታየችው። ሁለት ሳምንት ቆይታ በግራ ጆሮዬ ስልክ አልሰማም ስትል ጃርሶቹ አስታርቀው ተነስተዋል።

ቆጪ፦ ታዲያ ማን ታረቂ አላት?

ጀበና፦ በነጋታው እዚያው መንገድ ዳር ልትቀመጥ ነዋ! ደንበኞቿ እነማን ይመስሉሃል? የባጃጅ ሹፌሮች።

ቦሳ ቂጦ፦ ጃርሱማን ግን አትንኩብን። የእናንተ ፍርድ ቤት በቀጠሮ ሲያመላልሳት ቡናውን ማን ያፈላላት ነበር?

ጀበና፦ ማን ነካ? «አቤቱታ ከሌለ ክስ የለም» ያለው ሕጉ ነው። የተመታው ሰው ከመታው ሰው እንጀራ የሚበላ ከሆነ ምን አቤቱታ አለው?

ጡረተኛው፦ አንድ ነገር ልጨምር። እሷ ጀበናውን ብትወረውርበትና ግንባሩን ብትፈነክተው 556 ንዑስ 2 ይጠብቃት ነበር፣ መጉዳት በሚችል ነገር ተጠቅማለችና። ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት።

የሂርማታው፦ ባዶ እጅ ይሻላል በሉን በአጭሩ።

ቆጪ፦ ጀበና መወርወር ደግሞ እልፊት ይሁንላችሁ?

ጀበና፦ ጀበናው አለፈበት እንላለን፣ ምን ችግር አለው።

ቦሳ ቂጦ፦ 😂 ሚስቱን የሚመታስ የት ይገባል ጋሼ?

ጡረተኛው፦ 564 አለ፣ ግን የራሱ ቅጣት የለውም። ወደነዚሁ ከ555 እስከ 560 መልሶ ይልክሃል።

ጀበና፦ ቤት ውስጥም አለፈ በሉኛ! ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው በ1997 ነው። ያኔ 300 ብር ብር ነበር። ዛሬ መትቶ፣ ከፍሎ፣ መልስ የሚጠይቅ ይመጣል።

ቆጪ፦ አንቺ ከሹፌሮች ጋር ድሮም ጠብ አለሽ። አንዴ በ5 ብር መልስ ከተማውን ያመሽው አንቺ አልነበርሽም?

ጀበና፦ መልሴን አልሰጠኝማ! እሱም እልፊት ነበር?

የሂርማታው፦ ወደ ነገራችን እንመለስ። ዘመድህ ጀበናውንና ስኒዎቹን እተካለሁ ብሎ ሽማግሌ ፊት ቃል ገብቷል። ተካ?

ቆጪ፦ ስኒዎቹን ሰጥቷል። ጀበናውን ለቅዳሜ ብሏል።

የሂርማታው፦ የትኛው ቅዳሜ? ትናንት ሳልፍ ከቤት አፍልታ በፔርሙዝ ነው የምትሸጠው።

ቦሳ ቂጦ፦ የፔርሙዝ ቡና ደግሞ ቡና ነው እንዴ?

ጀበና፦ አንተን ማን ጠየቀህ።