የሳተርን 1 አውደ ርዕይ፦ በጋራ የምናቀርበው የዕቅድ ረቂቅ

ጸሐፊ፦ የተከበራችሁ አባላት፣ ለሳይንስ አውደ ርዕዩ የምናቀርበው ዕቅድ ይኸው። ርዕስ፦ «ሳተርን 1፣ ከተገኘው ዕቃ የተገነባ ግዙፍ ሮኬት»። የሃያ ደቂቃ ገለጻ፣ አንድ ሞዴል፣ አንድ ገጽ ጽሑፍ። ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። እርማታችሁን እስከ ዓርብ ላኩልኝ።

ሂሳብ ያዥ፦ ሰው የሚመጣው ጨረቃን ብሎ ነው። ሰዎችን ጨረቃ ያደረሰው ሮኬት ሳተርን 5 ቢሆን አይሻልም?

የሞዴል ክፍል፦ ጋሼ፣ ሳተርን 5ን የማያውቅ የለም፤ እንዴት እንደተጀመረ ግን ብዙ ሰው አልሰማም። ነሐሴ 1958 የሳተርን 1 ሥራ ሲፈቀድ በአሜሪካዋ ሃንትስቪል ከተማ በፎን ብራውን የሚመሩት መሐንዲሶች ግዙፍ ታንክ ለመሥራት አዲስ መሣሪያ እስኪመጣ መጠበቅ አልፈለጉም። የጁፒተር ሚሳይልን ስፋት የያዘ አንድ ታንክ መሃል አቆሙ፤ ዙሪያውን ሬድስቶን በተባለው ሌላ ሚሳይል ስፋት የተሠሩ ስምንት ታንኮች አሰሩበት። ከሥር ስምንት ኤች-1 ሞተሮች፣ ጠቅላላ ግፊታቸው 680 ቶን ገደማ። ያላገጠባቸው አልጠፋም።

ትናንት ማታ ሳሰላ ያገኘሁትን ልንገራችሁ። የመሃሉ ታንክ 2.67 ሜትር፣ የዳሮቹ 1.78 ሜትር ይሰፋሉ። ቧንቧ ሠራተኛ የሚገጥማቸው ባለ 110 እና ባለ 75 ሚሊሜትር የፕላስቲክ ቱቦዎች፣ መጠኑን 24 ጊዜ ብናሳንሰው፣ ልክ ሊሆኑ ጥቂት ነው የቀራቸው። ርዝመቱ አንድ ሜትር ይበቃል። ኦክስጅን የሚይዙትን አምስቱን ነጭ፣ ኬሮሲን የሚይዙትን አራቱን ጥቁር እንቀባለን።

ሂሳብ ያዥ፦ ቱቦ ከሆነማ ተቃውሞዬን አንሥቻለሁ።

አባል፦ ስምንት ሞተር አንድ ላይ ሲነድ አንዱ ቢጠፋስ? ተመልካች መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው። መልሱ በገለጻው ይግባ። መጋቢት 28 ቀን 1963 በአራተኛው በረራ አንዱን ሞተር ሆን ብለው አጠፉት፤ የእሱ ነዳጅ ለሰባቱ ተከፋፍሎ ትንሽ ረዘም አድርገው ነደዱ። በስድስተኛው ደግሞ አንዱ ሳይታሰብ ጠፋ፤ ሮኬቱ ግን ምሕዋር ገባ። ከሞዴሉ ሞተሮች አንዱ በብሎን የሚፈታ ይሁንና ልጆች ራሳቸው ያውጡት።

የታሪክ መምህርት፦ ረቂቁ ፎን ብራውንን ሲያሞግስ ቆይቶ ከየት እንደመጣ አይናገርም። ለናዚ ጀርመን የነደፈው ቪ-2 ሮኬት በሚተልባው-ዶራ ማጎሪያ ካምፕ በእስረኞች ጉልበት ሲሠራ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አልቀዋል። ይህ ሳይጻፍ ስሜ ዕቅዱ ላይ እንዲወጣ አልፈልግም።

ጸሐፊ፦ እውነትዎን ነው፣ መምህርት። አንቀጹን እርስዎ ይጻፉልን፤ ቃል አልነካም። የቀረ አለ?

አባል፦ የጉዞው ታሪክ! ሰኔ 1961 በቴነሲ ወንዝ የዊለር ግድብ የመርከብ ማሳለፊያ ተደረመሰ። የመጀመሪያውን ሮኬት ከግድቡ በላይ ከጀልባ አውርደው፣ በየብስ አዙረው፣ ከግድቡ በታች በሌላ ጀልባ ጭነው ማስወንጨፊያው ኬፕ ካናቬራል አደረሱት። ጥቅምት 27 የተወነጨፈው ያ ነው። የላይኞቹ ክፍሎች ሞተር አልነበራቸውም፤ በውኃ ተሞልተው ለክብደት ብቻ ተቀመጡ።

ሞዴል ክፍል፦ እኛም የላይኞቹን በውኃ እንሙላ እንዴ?

ሂሳብ ያዥ፦ አዳራሹን ያስከራየን ሰው ይህን እንዳይሰማ። ይልቅ ብረት መጋዝ ያለው ማነው? ቅዳሜ ጠዋት ቱቦውን ይዤ እመጣለሁ።