ቤት የጠመቅሁትን ቢራ ምን ውስጥ ላስቀምጥ? (ጥቆማ፣ መሀል አዲስ አበባ)

ጠያቂዋ፣ አራት ኪሎ፦
ሁለት ጊዜ 20፣ 20 ሊትር ቢራ ጠመቅሁ። መጥመቁ ብዙም አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ማስቀመጡ ነው። የመጀመሪያው በሳምንቱ ኮመጠጠ። ሁለተኛው ጋዝ አልያዘም፣ እንደ ውሃ ሆነ። ጓደኛዬ «ኬግ (ቢራን ከነጋዙ የሚይዝ የብረት በርሜል) ግዢና ተገላገዪ» ትለኛለች። ቤቴ ጠባብ ነው፣ ፍሪጄም አንድ ነው። ምን ልግዛ? ከየት?

የልደታው፦
እህቴ፣ ኬጉን ለጊዜው ተዪው። እኔ በእሱ ጀምሬ ገንዘቤን ብረት ላይ ጨርሼ፣ ለብቅል የምከፍለው አጣሁ። የኮመጠጠብሽ ዕቃው በደንብ ስላልጸዳ ወይም አየር ስለገባው ነው። ጋዝ ያልያዘው ደግሞ ወይ ሲሞላ ጋዝ እንዲሠራ የሚጨመርበት ስኳር አንሶታል፣ ወይ ክዳኑ ያስተነፍሳል። ቆሻሻ ኬግ ውስጥ የገባ ቢራም ይኮመጥጣል።

በለስላሳ ፕላስቲክ ጀምሪ። የኮካና የስፕራይቱን ዓይነት ማለቴ ነው፣ ሃይላንድ እንዳይመስልሽ። የውሃ ሃይላንድ ስስ ነው፣ ለጋዝ ግፊት አልተሠራም። የለስላሳው ለዚሁ የተሠራ ነው፣ ልደት የተከበረበት ቤት ደግሞ በነጻ ይገኛል። ደስ የሚለኝ ነገር፣ ጋዙን በእጅሽ ታውቂዋለሽ። ስትጨብጪው እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ይዟል ማለት ነው። ችግሩ ፕላስቲክ ቀስ በቀስ አየር ያስገባል። ስለዚህ በሁለት ወር ውስጥ ጠጥተሽ ጨርሺው፣ ካርቶን ውስጥም ከብርሃን ደብቂው። በፈላ ውሃ እንዳታጥቢው፣ ይጨማደድብሻል።

ጠርሙስ ላይ ብዙ የምለው አለኝ። ቡናማውን ብቻ ያዢ። ሆፕስ (እንደ ጌሾ ምሬት የሚሰጠው ተክል) ያለበት ቢራ ብርሃን ሲያገኘው ይሸታል፣ አረንጓዴና ነጭ ጠርሙስ አያስጥለውም። 20 ሊትር በ330 ሚሊ ሊትር ሲሞላ 60 ጠርሙስ ይሆናል፣ ሁለት ሳጥን ተኩል ማለት ነው። ሁለት ቦታ እገዛለሁ። አንዱ ከቆራሌው ነው። ጠዋት «ቆራሌው!» ሲል ሰፈሩ ሊሸጥ ይወጣል፣ እኔ ልገዛ እወጣለሁ። ሰውዬው እስካሁን ይስቅብኛል። ሁለተኛው መርካቶ ምናለሽ ተራ ነው። እዚያ በብዛት አለ፣ ግን አፉ የተሸረፈ ይቀላቀልበታል። እያንዳንዱን በብርሃን እይው፣ አሽቺውም። ላምባ ወይም በረኪና የነበረበትን ስንት ጊዜ ቢታጠብ አልወስድም። ከቆራሌው የምገዛው የቢራ መሆኑን ስለማውቅ ለጀማሪ እሱ ይሻላል እላለሁ።

የጠርሙስ ጣጣው ቆርኪ ነው። አንዴ የተከፈተ ቆርኪ ተመልሶ አይገጥምም። አዲስ ቆርኪና መግጠሚያው እኔ ጋ የደረሰው በዘመድ ሻንጣ ነው። ከውጭ የሚመጣ ሰው ካለሽ ከሽቶው በፊት ይህን እዘዢ። ሰው ከሌለሽ፣ ክዳኑ በሽቦ የሚጠረቅም ጠርሙስ መርካቶ የቤት ዕቃ ሱቆች ጋ ጠይቂ። አራት ማዕዘኑና ስሱ ለጌጥ ነው፣ እሱ ዘይት ይያዝ። ክቡን፣ ወፍራሙን፣ ጎሚኒው የሚቀየረውን ምረጪ።

ስኳሩን በማንኪያ አትገምቺ። ለአንድ ሊትር ከ6 እስከ 7 ግራም ነው። ለ20 ሊትር ከ120 እስከ 140 ግራም ይመጣል። በትንሽ ውሃ አፍልተሽ፣ አቀዝቅዘሽ፣ ከቢራው ጋር ቀስ ብለሽ አዋህጂውና ሙዪ። ከዚያ በፊት ግን ቢራው መብላላቱን መጨረሱን አረጋግጪ። ሃይድሮሜትሩ (ቢራው ውስጥ የሚንሳፈፈው መለኪያ) ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ቁጥር ካሳየ ጨርሷል። እኔ ሳልጠብቅ ሞልቼ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ቁም ሳጥኔ ውስጥ አራት ጠርሙስ ተከታትሎ ፈነዳ። ጎረቤቶቼ ተኩስ መስሏቸው በር አንኳኩ። ጠዋት ስለ ቢራው ሳስረዳ የቤቱ ባለቤት ከተኩሱ ይልቅ በቢራው ደነገጡ።

ከሞላሽ በኋላ 20 ዲግሪ አካባቢ ሁለት ሳምንት ይበቃዋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ግን ሌሊቱ ስለሚበርድ እርሾው ይተኛል፣ ሦስት ሳምንት ስጪው። እኔ ፍሪጁ አናት ላይ ነው የማስቀምጠው፣ ሞቅ ይላል። ጋዙን ከያዘ በኋላ ነው ፍሪጅ ውስጥ የሚገባው። አቁመሽ እንጂ አስተኝተሽ አታስቀምጪው፣ አተላው ከታች ይርጋ።

ለማጽዳት 70 በመቶ አልኮል ይበቃል። ጥቁር አንበሳ አካባቢ ያሉ ፋርማሲዎች ጋ አገኛለሁ።

ዋጋ ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ዛሬ የጻፍኩት ነገ ያስቀኛል።

የጉለሌዋ፦
ልጄ፣ እኔ የማውቀው ጠላ ነው። ጋኑን በግራዋ ፈትጌ፣ በወይራ አጥኜ፣ አፉን በጭቃ መርጌ ነው የማስቀምጠው። ከተከፈተ በኋላ ግን ቶሎ ካልተጠጣ ይበላሻል። ልጄ ቤት ውስጥ ያንን ቢራችሁን ሲሞላ አየሁት። ከጀሪካኑ ከላይ እያንቧቧ ያወርደዋል። «አየር አጠጣኸው እኮ» አልኩት። ቀጭን ጎማ እስከ ጠርሙሱ ቂጥ አስገብቶ ከታች ወደ ላይ እንዲሞላ አደረግነው። ከዚያ ወዲህ ሲኮመጥጥ አላየሁም። ጀሪካኑም አዲስ ይሁን፣ የዘይት የነበረው ቢጫው ሽታውን አይለቅም።

የፒያሳው፦
የልደታው ወንድሜ ኬግን ትንሽ በደለው። 60 ጠርሙስ በየጊዜው ማጠብ ቅጣት ነው። እኛ ሦስት ጓደኛሞች አዋጥተን 19 ሊትር የሚይዝ ኬግ በሰው አስመጣን። የታጠበው አንድ ዕቃ ብቻ ነው። ብቻሽን ከሆንሽ ግን እሱ እንዳለሽ አድርጊ።

ኬግ ካማረሽ አራት ነገር ልንገርሽ። አንደኛ፣ ከሰው እጅ የሚመጣ የድራፍት በርሜል አትግዢ። በርሜሉ የፋብሪካ ንብረት ነው፣ ውስጡ ግፊት እያለ ቫልቩን የሚነካካ ሰውም ይጎዳል። ሁለተኛ፣ በረኪና ኬግ ውስጥ አይግባ፣ ብረቱን ይበላዋል። ሦስተኛ፣ ጋዙ። የብየዳ ጋዝ ከሚሞሉት አንዱ ጋ ሄጄ «ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው» ብለው የሰጡኝ ከአርጎን ጋር የተቀላቀለ ሆኖ አገኘሁት። ንጹሕና ለመጠጥ የሚሆን መሆኑን ሳታረጋግጪ አትክፈዪ። የማብሰያ ጋዝ ሬጉሌተርም አይሆንም። የሞላ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር 20 ዲግሪ ላይ 57 ባር ገደማ ግፊት አለው፣ የራሱ ሬጉሌተር ያስፈልገዋል። ሲሊንደሩን አቁመሽ እሰሪው፣ መኝታ ክፍል አታስገቢው። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይጠራቀማል።

አራተኛውን ማንም አልነገረኝም ነበር። የውጭ መመሪያዎች 4 ዲግሪ ላይ ላለ ቢራ 0.8 ባር አካባቢ ግፊት ስጡ ይላሉ። ያ ለባሕር ዳርቻ ሰው ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሯ ስስ ነው። የግፊት መለኪያው ደግሞ የሚያነበው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። ስለዚህ 0.25 ባር ያህል ጨምሪበት። እኔ 1 ባር ትንሽ አለፍ አድርጌ ሳምንት እተወዋለሁ። እስካውቀው ድረስ ድራፍቴ ሁልጊዜ ሰነፍ ነበር። ለጎማው ማሰሪያ ፋሼታ ሶማሌ ተራ ሞልቷል፣ ጎማው ግን ለምግብ የተሠራው ይሁን፣ የመኪናውን አትንኪ።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ለካስ ስኳሩንም በማንኪያ ነበር የምጥለው! የእህቴ ልጅ ልደት እሑድ ነው፣ የኮካ ፕላስቲኩን ከአሁኑ አስይዣለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ቆራሌውን በር ላይ እጠብቃለሁ። አንዱን ጠርሙስ በስንት ነው የሚሰጥህ?

የልደታው፦
መጀመሪያ ራሱ በገዛበት ይሰጠኝ ነበር። ቢራ እንደምጠምቅበት የነገርኩት ቀን እጥፍ አደረገው። አንቺ ለአበባ ነው በዪው።