አዳማ፣ አራተኛ ፎቅ፣ አንድ ድስት፦ ወንደላጤዎች በዚህ ሙቀት ምን እየበላችሁ ነው?

ባለአንድ ድስት፦

ሰላም የአዳማ ሰዎች። ከአዲስ አበባ ወደዚህ ከመጣሁ አምስት ወር ሆነኝ። 34 ዓመቴ ነው። ወንደላጤ ነኝ፣ የአንድ መጋዘን ሂሳብ እይዛለሁ። የተከራየሁት የኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ነው፤ አራተኛ ፎቅ፣ የመጨረሻው። ከኮርኒሱ በላይ ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮው በላይ ፀሐይ። ያለችኝ አንዲት መስኮት ደግሞ የምታየው ወደ ምዕራብ ነው።

ጥቅምት መጨረሻ ስገባ ደህና ነበር። እንዲያውም ማታ ማታ ጋቢ እደርብ ነበር። አሁን መጋቢት ነው። ከሥራ 11፡30 ስመለስ ፀሐይዋ ቀድማኝ ገብታ ፍራሼ ላይ ተጋድማ ትጠብቀኛለች። በሩን ስከፍት ወላፈኑ ፊቴን ይመታኛል። እዚያ ላይ ምድጃ ለኩሼ ሽንኩርት ማቁላላት አለብኝ። ማድ ቤት ተብላ የተሰጠችኝ ጥግ በር የላትም፣ ስለዚህ የምበላውም የምተኛውም እዚያው እንፋሎት ውስጥ ነው። ትናንት ሽሮ ሠርቼ እስክጨርስ ካናቴራዬን ጨምቄ ማስጣት ይቻል ነበር። ትራሴ ሽሮ ሽሮ ሲሸተኝ አደረ። ሌሊቱን በሕልሜ ራበኝ።

ጾም ላይ ነኝ፣ ሁልጊዜ ውጭ ልብላ ብል ደግሞ ኪሴ አይችልም። እሳት የማይፈልግ ወይ ትንሽ ብቻ የሚፈልግ ምን ምን አለ? ከቲማቲም ሰላጣ ሌላ በሉኝ። ቲማቲም ሰላጣ አንገቴ ደርሷል።

ሌላው ቤቱ ነው። ቤቴ ቤት አይመስልም። ፍራሹ መሬት ላይ ነው። አንድ የፕላስቲክ ወንበር አለኝ። ቴሌቪዥኑ የቆመው የመጣበት ካርቶን ላይ ነው። መስኮቱ ላይ የሰቀልኩት ከልጅነቴ የተረፈ የመኪና ሥዕል ያለበት አንሶላ ነው። እናቴ በስልክ «ምን አስቸኮለህ፣ ባለቤቷ ስትመጣ ታሟላዋለች» ትለኛለች። ይህን ስሰማ ስድስት ዓመቴ፣ ቤት ስቀይር ይሄ አራተኛዬ። ባለቤቷ ማን እንደሆነች ግን እናቴም እኔም አናውቅም። ቅዳሜ የሥራ ባልደረባዬ ድንገት መጣ። ወንበሩን ለሱ ሰጥቼ እኔ ካርቶኑ ላይ ስቀመጥ ካርቶኑ ተደረመሰ። (ቴሌቪዥኑን አስቀድሜ አንስቼዋለሁ፣ አትጨነቁ።) አከራዬ ግድግዳ ላይ ሚስማር እንዳልመታ አስጠንቅቀውኛል። ምን ላድርግ?

የፍራንኮ ልጅ፦

እንኳን ደህና መጣህ። ገና ሚያዝያና ግንቦት አለልህ፣ በርታ።

ቀልዱን ልተወው። ፊዚክስ አስተማሪ ነኝና አንድ መጽናኛ ልስጥህ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ታልፋለች፣ እኛ 1,700 ገደማ ላይ ነን። ወደ ታች ስትወርድ ውሃ ከመፍላቱ በፊት የበለጠ ይግላል። ስለዚህ ምስርህ እዚህ ቶሎ ይበስላል። ከእናትህ ሰዓት ላይ ቀንስ።

መስኮቱን የምትከፍተው መቼ ነው? ብዙ ሰው ቤት ሲገባ ይከፍታል፣ ከውጭም ያንኑ ሙቀት ያስገባል። ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ክፈተው፣ ጠዋት ስትወጣ ዝጋ፣ ጋርደህም ሂድ። ሌሊት ከከፈትክ ግን መስኮቱ ላይ ወንፊት አድርግ፣ በአጎበርም ተኛ። አዳማ ወባ አለ። ቆላ አይደለም ብለህ እንዳትሞኝ።

የሸክላ ማሰሮ ግዛ፣ ውሃ ሞልተህ ንፋስ ያለበት ጥግ አስቀምጥ። በበጋ አየራችን ደረቅ ስለሆነ ማሰሮው እያላበ፣ ላቡም ሲተን ውሃውን ያቀዘቅዘዋል። መብራት ሲጠፋም ይሠራል። ከከተማው ወጣ ስትል የምታያቸው የንፋስ ተርባይኖች በ2012 ሥራ ሲጀምሩ እኔ መብራት የማይጠፋ መስሎኝ ነበር። (በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

የጓዳ እመቤት፦

ልጄ፣ ጾምና ሙቀት አንድ ላይ መጣብኝ ብለህ ታማርራለህ። እኔ ብሆን አመሰግን ነበር። የጾም ምግብ እኮ ግማሹ ቀዝቅዞ ነው የሚበላው!

የሱፍ ፍትፍት ትችላለህ? አንድ ኩባያ ሱፍ ለቅመህ ታጥበውና በትንሽ ውሃ ፈላ ታደርገዋለህ። ከዚያ ትወቅጠዋለህ፣ ጁስ መፍጫ ካለህም ይሆናል። በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠህ በንጹሕ ነጠላ አጥልለው። ወተት የመሰለ ነገር ይወጣልሃል። ጨው፣ ደቀቅ ያለ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ትንሽ ዝንጅብል ጨምርበት። እንጀራውን የምትፈተፍተው ልትበላ ስትል ነው፣ ቀድመህ አይደለም፤ አለዚያ ይላሽቃል። ቀዝቀዝ ብሎ ሲበላ አንጀት ያርሳል። አደራ፣ ለነገ ብለህ ውጭ አታሳድረው። በዚህ ሙቀት ባንድ ሌሊት ይኮመጥጣል።

አዚፋ ደግሞ አለልህ። ድፍን ምስር ማለዳ 12 ሰዓት ላይ፣ ቤቱ ቀዝቃዛ ሳለ ቀቅለህ ውሃውን አጥልለህ ተወው። ማታ ስትመጣ የተመታ ሰናፍጭ፣ ሎሚ፣ ዘይት፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ብቻ ነው የሚቀርህ። ሰናፍጩ አፍንጫህን ካላቃጠለህ አነሰ ማለት ነው። ቡቲቻም እንደዚሁ ነው፤ የሽምብራ ዱቄት በውሃና በዘይት እያማሰልክ ታበስላለህ፣ ሲቀዘቅዝ ትፈረፍረዋለህ፣ ሎሚ ትጨምቅበታለህ። የማያውቅ ሰው እንቁላል ፍርፍር ይመስለዋል። አንድ ጊዜ የልጄ ጓደኛ በጾም እንቁላል ትበያለሽ ብሎኝ ያውቃል።

እንጀራህን ከጉልት ነው የምትገዛው መሰለኝ። አራት አራት አትግዛ፣ ብቻህን ነህ፣ ይሻግትብሃል። ሁለት ይበቃል። ከተረፈህ ቆራርሰህ በረንዳ ላይ አስጣው፣ አቧራ እንዳይገባበት በስስ ጨርቅ ሸፍነው። የአዳማ ፀሐይና ንፋስ በአንድ ሁለት ቀን ድርቆሽ ያደርግልሃል። የምትረግማት ፀሐይ አንድ ጊዜ እንኳ ትሥራልህ። ድርቆሽ ወር ቢቀመጥ ምን አለበት፤ የጠፋህ ቀን ቲማቲምና ቃሪያ አድርገህበት ትበላለህ። ቲማቲሙ ከመቂም ከባቱም ወደዚህ ይመጣል፣ እዚህ ሆኖ ቲማቲም ሰለቸኝ ማለት ነውር ነው።

እናትህን ደግሞ አትቀየማት። የኛ ዘመን እንደዚያ ነበር። ግን ስታወራት «እስዋ ስትመጣ የምትቀመጥበት ወንበር የለም» በላት። እኔ ብሆን ያን ቀን አልጋ ይዤ እመጣ ነበር።

አናጢው፦

ወንድም፣ መጋዘን ነው የምሠራው አልክ አይደል? መጋዘን ካለ ፓሌት፣ ዕቃ የሚደረደርበት የእንጨት ርብራብ፣ አለ። ተሰብሮ የሚጣለውን ጠይቅ። ፈቃድ በወረቀት ያዝ፣ ሂሳብ ያዥ ነህና ታውቀዋለህ። ሁለት ፓሌት ደራርበህ በብርጭቆ ወረቀት ብታሸው አግዳሚ ይሆናል። አንዱ ለቴሌቪዥንህ ይበቃል። ምስማሩን አውጣ፣ ነቀዝ ያለበትን እንጨት አታስገባ፣ የኬሚካል ሽታ ያለውንም ተወው።

ፍራሽህን ግን መሬት ላይ ተወው። አፍረህ አልጋ ለመግዛት አትሩጥ። ሙቀቱ ከቆርቆሮው ነው የሚወርደው፣ ወለሉ ይሻልሃል። ከክረምቱ በፊት ከፍ ብታደርገው ይበቃል፣ ያኔ እርጥበት አለ።

ስለ መስኮቱ ልንገርህ። መጋረጃ ከውስጥ ስትሰቅል ፀሐይዋ መስታወቱን አልፋ ገብታለች፣ ከገባች በኋላ ነው የምትጋርዳት። ከመስታወቱ በፊት አስቁማት። በረንዳ ካለህ ከላይኛው ብረት ላይ ሰሌን አንጠልጥል፣ ከሰዓት አውርደው፣ ማታ ጠቅልለው። ሚስማር አያስፈልግም፣ በገመድ ይታሰራል። ጥብቅ አድርገህ እሰረው። ይሄ አዳማ ነው፣ ንፋሱን ታውቀዋለህ።

ግድግዳ ላይ ምንም የማይሰቀል ከሆነ ከመጋረጃ ብረቱ እስከ በሩ ጫፍ ሲባጎ ወጥር። የፈለግከውን ታንጠለጥልበታለህ።

ሴተላጤ፦

እኔም ብቻዬን እዚሁ አዳማ ከኖርኩ አምስት ዓመቴ። አናጢው ያልከው ልክ ነው፣ ፓሌቱ ላይ ግን ነጭ ትራስ እንዳታደርግ። ነጭ ነገር እዚህ ሳምንት አይቆይም፣ አቧራው ቡና ያስመስለዋል። መጋረጃዬን ሦስት ጊዜ ቀይሬ አሁን የጤፍ ቀለም ያለው ላይ ደርሻለሁ። ይቆሽሽ አይቆሽሽ አይታወቅም፣ ሰላም አገኘሁ።

ሲባጎው ላይ ሰፌድ ስቀል። እውነቴን ነው። ሐረር ቤቶች ውስጥ ግድግዳው በሙሉ ስፌት ነው፣ ከዚያ ነው የወሰድኩት። ሦስት ሰፌድ አለኝ፣ አንዷን እያወረድኩ ምስር እለቅምባታለሁ፣ ተመልሳ ትሰቀላለች። ለጌጥ ብቻ የሚቀመጥ ዕቃ አንድ ክፍል ውስጥ አይገባም።

በረንዳህ ላይ በዘይት ጀሪካን ጤና አዳምና በሶብላ ትከል። ጀሪካኑን ለሁለት ቁረጠው፣ ሥሩን ብሳው። ጤና አዳም ፀሐይ ይወዳል፣ ከኔ ይልቅ እሱ ነው አዳማን የወደዳት። ቡናህ ላይ ቅጠል ትጥልበታለህ።

ቡና ካልኩ አይቀር፣ ብቻህን ታፈላለህ? እኔ መጀመሪያ ሁለት ዓመት አላፈላሁም። ለአንድ ሰው ጀበና መጣድ ያሳፍር ነበር፣ ማን ያሳፍረኝ እንደነበር እንጃ። ፈጣን ቡና በብርጭቆ እየበጠበጥኩ ቆሜ እጠጣ ነበር። አንድ እሑድ አነስተኛ ጀበና ገዝቼ ጣድኩ። ሽታው በኮሪደሩ ሄደና ከፊት ለፊት ያሉት ሴትዮ «ብቻሽን?» ብለው ስኒያቸውን ይዘው ገቡ። አሁን እሑድ እሑድ አራት ነን። ስኒዎቹ አይመሳሰሉም፣ ሁሉም የየራሱን ነው የሚያመጣው።

ለእትዬ ደግሞ አንድ ተቃውሞ አለኝ። ሱፍ መውቀጥ ለወንደላጤ ቅጣት ነው። የተፈጨውን ይግዛ።

የጓዳ እመቤት፦

የተፈጨው አሸዋ አለው። እኔ አልኩ።

ባለአንድ ድስት፦

ሁለት ሳምንት ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ሪፖርት ላቅርብ።

አዚፋው ተሳክቷል። ምስሩን ማለዳ ቀቅዬ ሥራ ሄድኩ፣ እውነትም ቶሎ በሰለ፣ እንዲያውም መጀመሪያ ቀን ገንፎ ሆኖብኝ ነበር። ሰናፍጩ ላይ ለጋስ ሆኜ እንባዬ ወርዷል። እትዬ፣ ሱፉን ወቀጥኩ። ሙቀጫ ስለሌለኝ በፌስታል ጠቅልዬ በድስቴ ቂጥ ደበደብኩት፣ ከታች ያለው ጎረቤት መጥቶ ግድግዳ እያፈረስክ ነው ወይ አለኝ። ለሁለት በላነው። በሚቀጥለው የተፈጨ ገዛሁ። አሸዋ አለው።

ሰሌኑ ሌላ ታሪክ ነው። አናጢው ወንድሜ «ጥብቅ አድርገህ እሰር» ብለኸኝ ነበር። እኔ በጫማ ክር አሰርኩት። ሦስተኛው ቀን ከሰዓት ንፋሱ ነቅሎ ወስዶ የማዶው ግቢ ዶሮ ቤት ላይ ጣለው። ልወስድ ስሄድ የግቢው እናት ሻይ ካልጠጣህ አልሰጥህም አሉኝ። አሁን በሽቦ ነው የታሰረው። እውነት ለመናገር ልዩነቱን አላመንኩም ነበር፤ ማታ ስገባ ወላፈኑ የለም። ይሞቃል፣ ግን ሰው የሚገባበት ሙቀት ነው።

ፓሌቱ ተፈቅዶልኛል። አንዱ የቴሌቪዥን ሆነ፣ ሁለቱ አግዳሚ። ካርቶኑን በክብር አሰናበትኩ። ሲባጎው ላይ አንድ ሰፌድ አለ፣ ሁለተኛውን ደመወዝ ሲገባ። የመኪናው አንሶላ የፍራሽ ልብስ ሆነ። መጣል አልቻልኩም።

እናቴ ፎቶ ላኩላት። ዝም አለች። ማታ ደውላ «ማን ናት?» አለችኝ። ማንም አልኳት። «ሰፌዱን ማን ሰቀለው ታዲያ?» እኔ። አላመነችም፣ ለፋሲካ ራሷ ልታይ ትመጣለች። ዶሮ እኔ እንድሠራ ነው የፈለገችው፣ መፈተኛዬ መሰለኝ። እትዬ፣ ዶሮ ወጥ ደግሞ ቀዝቅዞ አይሠራም። ሁለት ኪሎ ሽንኩርት እዚህ ቤት ውስጥ ሳቁላላ በሕይወት እተርፋለሁ?

የጓዳ እመቤት፦

ትተርፋለህ። ሽንኩርቱን ቅዳሜ ከትፈህ አሳድር። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስተህ ጣድ፣ መስኮቱን ክፈት፣ ፀሐይ ሳትወጣ ቁሌቱን ጨርስ። ሁለት ኪሎ ግን ለአንድ ዶሮ አይበቃም፣ ሦስት አድርገው። ድስት ደግሞ አንድ ብቻ ነው ያለህ፣ እንቁላሉን በምን ልትቀቅል ነው?