የጋራ ፕሮፖዛሉ፦ ምዘናውና የሕክምና ዕቅዱ ላይ ሐሳብ ስጡ

ጸሐፊ፦ ሰላም የደሴም የኮምቦልቻም ልጆች፣ የድብርት ምዘናና ሕክምና ፕሮፖዛላችንን ረቂቅ አያችሁት አይደል፣ እስከ አርብ ሐሳብ ካልመጣ እንዳለ ነው የሚገባው። ባጭሩ ጤና ጣቢያ የሚመጣውን ሁሉ በፒኤችኪው-9፣ ድብርትን በሚለየው የ9 ጥያቄ ፎርም፣ እናያለን፣ 10ና ከዛ በላይ ያመጣው ሙሉ ምዘና ይሰራለታል፣ ከዛ የሕክምና ዕቅድ። ስልጠናው 5 ቀን ተይዟል።

የኮምቦልቻው፦ ጸሐፊያችን አትቀየመኝና "ሁሉንም" የሚለው ይውጣ። እኛ ሞክረነዋል። አንዲት የፋብሪካ ልጅ ለራስ ምታት ነው ወረፋ ይዛ የመጣችው፣ ፎርሙን ሞላንላት፣ 9ኛው ጥያቄ ላይ፣ ብሞት ይሻለኛል የሚለው ላይ፣ "በየቀኑ" አለችኝ። ሰዓቱ 11 ተኩል፣ የሳይካትሪ ነርሱ ወጥቷል፣ ስልክ አይነሳም፣ እኔ ፎርሜን ይዤ ቀረሁ። እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት አብሬያት ተቀምጬ አክስቷን አስጠርቼ ነው የሸኘኋት። ድምሯ ስንት ቢሆን ጥሩ ነው? 8! በረቂቃችን መሰረት ደህና ነሽ ሂጂ ልንላት ነው።

የሆጤዋ (ደሴ)፦ ውይ በስመአብ። 9ኛው ላይ ከ0 ሌላ ያመጣ ሰው ድምሩ ምንም ይሁን ምን ያኑ ቀን ይታያል ተብሎ ይጻፍ። ሳይሄድም የመሞት ሐሳቡ ምልክት ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ፣ ለማን እንደሚደውል፣ ቤት ያለውን መድኃኒትና መርዝ ማን እንደሚያነሳለት በወረቀት ይያዝ። የተረኛ ስልክ ከሌለን ግን ጥያቄውን ባንጠይቅ ይሻላል፣ የምሬን ነው።

ጸሐፊ፦ እሺ ተቀብያለሁ። ምዘናው ላይስ?

እትዬ (የደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈሯ)፦ ልጆቼ፣ ማንም ድብርት ይዞኛል ብሎ አይመጣም። ልቤን ያፍነኛል፣ ራሴን ይነድለኛል፣ ሐሳብ በዛብኝ ነው የሚለው፣ ቃሉን እንዳለ ጻፉት፣ ወደ ፎርም ቋንቋ አትቀይሩበት። ጫት ትቅማለህ ወይ ብሎ ጥያቄ ምንድነው፣ ወሎ ላይ ሆናችሁ! ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ነው የምትቅመው፣ ከዛ በኋላ እንቅልፍህስ በሉት። ጠበል ወይ ሩቅያ ሄዶ እንደሆነ ሳትፈርዱ ጠይቁ፣ ከፈረዳችሁ መድኃኒቱን ማቆሙን ይደብቃችኋል። ወዳጃ (የዱዓ ስብስቡ) ላይ ከጎኑ የሚቀመጠው ማነው፣ እድር አለው ወይ፣ ይሄ ሁሉ ነገ ለዕቅዱ ይሆናል። የ2014ቱን ጦርነት ደግሞ በመጀመሪያው ቀን አትቆፍሩት።

የኮምቦልቻው፦ እትዬ እድሜ ይስጥልን 🙏 እኔም ልቀጥል፣ የዕቅዱ ግብ "የድብርት ምልክት መቀነስ" ይላል፣ እሱ የኛ ግብ ነው። አንዷ እናት ልጇ ካረፈ ወዲህ ከቤት አልወጣችም፣ ምን ቢሆንልሽ ትወጃለሽ ስላት "ገበያ ወርጄ በርበሬዬን ራሴ መርጬ ልግዛ" አለች፣ እሱኑ ጻፍኩት። መጀመሪያ እስከ ጎረቤት ቡና፣ ቀጥሎ እስከ አስፋልት፣ እያለች 3ኛው ሳምንት ላይ ቀጥ አለች። ሕመሙ ባሰ ብዬ ስሄድ ለካ የባጃጅ ብር የላትም።

የሆጤዋ፦ እኔም የማየው ይሄንኑ ነው። ፍሉኦክሰቲን፣ የድብርት መድኃኒቱን፣ ጀምሮ በ5ኛው ቀን የሚተወው ስንቱ ነው፣ ለውጡ ሳምንታት እንደሚፈልግ የነገረው የለም። ስለዚህ ስልጠናው 2 ቀን ይበቃዋል፣ የቀረው ብር ለክትትል፣ ለሞባይል ካርድና ለባጃጅ ይሁን። አበል የሚወድ አባል ይቅር ይበለኝ 😂

ጸሐፊ፦ ኧረ 3 ቀን ይሁን ተደራደሩ። በየ4 ሳምንቱ ዕቅዱን ከባለጉዳዩ ጋር እንደገና ማየትም እጨምራለሁ። በባለጉዳዮቹ ላይ የምንመክርበት የኬዝ ስብሰባ ግን የት ይሁን፣ በየወሩ ደሴ ካላችሁ የኮምቦልቻዎቹ ያኮርፋሉ።

የኮምቦልቻው፦ አናኮርፍም፣ በ10 ሰዓት ይለቅልን እንጂ። የሀረጎን ቁልቁለት በጉም በማታ አልወርድም።