አፍንጫ የማይሰነፍጥ፣ ደስ የሚል ጠረን ያለው የልብስ ሳሙና እንዴት ይመረጣል?

ጥያቄ፦ የአራት ኪሎዋ

ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነን። 7 ኪሎ የምትይዝ፣ በሯ ከፊት የሆነ ማሽን አለችን፤ ነጠላ፣ ጋቢና የሕፃን ልብስ ግን በሳፋ፣ በእጅ ነው የሚታጠበው። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ የምንጠቀመው ከሮቶ ነው። የምገዛው ኦሞ (ዱቄቱን ሁሉ በጅምላ ኦሞ ስለምንለው ነው እንጂ የማንንም ስም ማንሳቴ አይደለም) ሽቶው ራስ ያዞራል። ሽቶ የሌለው ስሞክር ደግሞ ልብሱ ቁም ሳጥን ውስጥ ሁለት ቀን ከዋለ እምክ እምክ ይላል። የምፈልገው ሰው ጠጋ ሲል ብቻ የሚታወቅ፣ ለስለስ ያለ ነገር ነው። ዱቄት ይሻላል ፈሳሽ? ምኑን አይቼ ልግዛ? የልብስ ማለስለሻስ ያስፈልጋል?

መልስ፦ ሳሙና ቀማሚ

እህቴ፣ ሱቅ ውስጥ ፓኬቱን አሽትተሽ ከመረጥሽ መሳሳትሽ አይቀርም። ከፓኬቱ ቀድሞ አፍንጫ ላይ የሚመጣው ሎሚ ሎሚ የሚለው ቀላል ሽቶ ነው፤ እሱ ግማሹ በማለቅለቂያው ውሃ ይሄዳል፣ ግማሹ ልብሱ ሲደርቅ ይተናል። ጨርቁ ላይ የሚቀረው ከበድ ያለው፣ እንጨት እንጨትና ምስክ (ሞቅ ያለ፣ ከባድ የሽቶ ዓይነት) የሚለው ነው። ሱቅ ውስጥ እምብዛም ያልተሰማሽ ሽታ ማግስቱን ቁም ሳጥኑን የሚሞላው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ትልቁን ከመግዛትሽ በፊት ሁለት ሦስት ዓይነት በትንሿ ፓኬት ግዢና በጨርቅ ፈትኚ። ካረጀ ነጭ የጥጥ አንሶላ መሀረብ መሀረብ የሚያካክሉ ቁራጮች ቅደጂ። የድሮው ሽቶ እንዳያሳስትሽ መጀመሪያ ያለ ሳሙና በሙቅ ውሃ ይለቅለቁ። ለአንድ ቁራጭ 1 ሊትር ውሃ፣ 1 ያልተቆለለ የሻይ ማንኪያ ዱቄት (3 ግራም ገደማ)፤ 20 ደቂቃ ይዘፍዘፍ፣ ይታሽ፣ ሁለት ጊዜ ይለቅለቅ፣ ጥላ ላይ ይድረቅ። ሦስት ጊዜ አሽትቺው፦ እርጥብ እያለ፣ እንደደረቀ፣ ከዚያ ታጥፎ በተቋጠረ ፌስታል ውስጥ ካደረ በኋላ። ፍርዱ የሦስተኛው ነው። ፌስታሉን ስትፈቺ ገና ከሩቁ ከመጣብሽ ለአንቺ አይሆንም። አፍንጫሽን ጨርቁ ላይ ስታስጠጊ ብቻ ካገኘሽው እሱን ያዢ።

ጽሑፉን ስታነቢ ደግሞ "ለሳምንታት የሚቆይ"፣ "በነካሽው ቁጥር የሚታደስ" ከሚሉት ራቂ። እንዲህ የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ሽቶው በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ከረጢቶች ታሽጎ የተጨመረባቸው ናቸው። ከረጢቶቹ ጨርቁ ላይ ተለጥፈው ይቀሩና ልብሱ በተፋተገ ቁጥር እየፈነዱ ሽቶ ይለቃሉ። "ሽታ አልባ" ማለትም ሁልጊዜ ሽቶ የለውም ማለት አይደለም፤ የጥሬ ዕቃውን ጠረን የሚሸፍን ጥቂት ሽቶ ሊኖርበት ይችላል። ለአውሮፓ ኅብረት ገበያ በተመረተ ዕቃ ላይ አለርጂ የሚያስነሱ የሽቶ ንጥረ ነገሮች ከ0.01 በመቶ ካለፉ በስማቸው መጻፍ ግዴታ ነው። ሊናሉል፣ ሊሞኒን፣ ሲትሮኔሎል እያለ ዝርዝሩ ከረዘመ ሽቶው የዋዛ እንዳልሆነ ጠርጥሪ።

እምክ የማለቱ ነገር ግን ከሽቶ ማነስ አይደለም። ልብሱ ውስጥ በቀረ ላብ፣ ቅባትና ባልለቀቀ ሳሙና ላይ ባክቴሪያ ሲራባ ነው። ሽቶ ያለው ሳሙና ሸፍኖልሽ ነበር፣ ሽቶ የሌለው ገለጠብሽ። የቀረውን ስለ ማሽን የሚያውቁት ይጨርሱልሽ።

መልስ፦ የማሽን ጥገና

በሩ ከፊት ለሆነ ማሽን የእጅ ማጠቢያ ዱቄት አይገባም። የእጁ ዱቄት አረፋው እንዲበዛ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ አረፋው ልብሱን እንደ ትራስ ይደግፈውና ከበሮው ውስጥ እየወደቀ እንዳይመታ ያደርገዋል፣ በማለቅለቂያውም በቀላሉ አይወጣም። ፓኬቱ ላይ "አውቶማቲክ" የሚል ይፈለግ። የሳሙናው መነሻ መጠን ፓኬቱ ላይ ለለስላሳ ውሃ (ማዕድኑ ላነሰ ውሃ) ተብሎ የተጻፈው ዝቅተኛው ነው፤ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው የገጸ ምድር ውሃ ካልሲየሙ አነስተኛ ነው። ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው ማዕድኑ ከፍ ስለሚል እሱ ላይ ትንሽ መጨመር ሊያስፈልግ ይችላል።

ከዚያ በኋላ ዳኛው የበሩ መስታወት ነው። በእጥበቱ መሃል አረፋው ሁለት ሦስት ጣት ከሆነ ደህና ነው፤ የመስታወቱን ግማሽ ካለፈ በዝቷል። የመጨረሻው ማለቅለቂያ ላይም አረፋ ከታየ በሚቀጥለው እጥበት ከሳሙናው ሩቡን ቀንሱ።

ሮቶ ላይ ግፊት ያንሳል። 1 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው 0.1 ባር ያህል ብቻ ነው፤ ሮቶው እዚያው በረንዳችሁ ላይ ከሆነ ውሃው መሳቢያው ውስጥ ይንጠባጠባል እንጂ አይወርድም፣ ዱቄቱም ጭቃ ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ከሆነ ፈሳሽ ይሻላል፤ ካልሆነም ዱቄቱን በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጦ፣ ሁለት ቋሚ ጭረት ባለበት ክፍል መጨመር ነው። አበባ የተሳለበት ለማለስለሻ ብቻ ነው።

የበሩን ላስቲክ እጥፋት ከታች በኩል በጣት ገልብጣችሁ እዩት። ጥቁር፣ አተላ የመሰለ ነገር ከወጣ አንዱ የእምኩ ምንጭ ተገኘ። በጨርቅ ጥረጉት፤ በወር አንዴ ማሽኑን ያለ ልብስ በ60 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ አስኬዱት፤ ከእጥበት በኋላ በሩንም መሳቢያውንም ገርበብ አድርጋችሁ ተዉት። መብራት መሃል ላይ ጠፍቶ ልብሱ ከበሮው ውስጥ እርጥቡን ካደረ እንደገና ይታጠባል፤ በሽቶ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

መልስ፦ ሳፋና ባልዲ

የእጁን እኔ ልጨምር። ለ10 ሊትር ውሃ 3 ያልተቆለለ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት (ወደ 30 ግራም) ይበቃል፤ ነገሩን የሚያበላሸው በእፍኝ መለካት ነው። ዱቄቱ መጀመሪያ ይሟሟ፣ ከዚያ ልብሱ ይግባ። ልብስ ላይ የተበተነ ዱቄት ስፌት ውስጥ ተሰግስጎ ይቀራል።

ዱቄቱ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች (እድፍ የሚሰባብሩት ንጥረ ነገሮች) ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይለግማሉ፣ የፈላ ውሃ ውስጥ ይበላሻሉ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ 1 እጅ የፈላ ከ2 እጅ የቧንቧ ውሃ ጋር ሲቀላቀል ወደ 40 ዲግሪ ይመጣል፣ እሱ ልኩ ነው። 30 ደቂቃ መዘፍዘፍ በቂ ነው፤ ተዘፍዝፎ ያደረ ልብስ ራሱ ይሸታል። ሱፍና ሐር ላይ ኢንዛይም ያለው ሳሙና አይሁን፣ ክሩን ይበላዋል።

ማለቅለቂያ 15 ሊትር ካለሽ በአንዴ አታፍሺው። 5 ሊትር፣ 5 ሊትር እያልሽ ሦስት ጊዜ፣ በየመሃሉ በደንብ እየተጨመቀ። ሦስተኛው ውሃ አይደፋም፤ ለሚቀጥለው ዙር የመጀመሪያ ማለቅለቂያ ይሆናል። ከጨርቁ የተጨመቀውን ውሃ በሁለት ጣት አሺው፤ አሁንም ሙልጭልጭ ካለ ሳሙናው አልወጣም። በመጨረሻው 5 ሊትር ላይ ግማሽ የቡና ስኒ ነጭ አቼቶ ብትጨምሪ የቀረውን ሳሙና ያስለቅቃል፣ የአቼቶው ሽታም ልብሱ ሲደርቅ ይጠፋል። በረኪና በነካው ልብስ ወይም ሳፋ ላይ ግን አቼቶ በፍጹም! ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሳንባ የሚያቃጥል ነገር ነው።

ነጠላው ጥበቡ ቀለም እንዳይለቅ ሳይዘፈዘፍ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦ ቶሎ ይውጣ። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ መሃሉ ለመድረቅ ይዘገያል፤ ከሁሉ ቀድሞ እምክ የሚለውም እሱ ነው። አንድ ገመድ ላይ አጥፈሽ አትስቀዪው፤ በሁለት ገመዶች ላይ ዘርጊው፣ አየር ከሥሩ ይግባ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ በልብስና በልብስ መሃል አንድ ስንዝር ክፍተት ይኑር። ደርቋል ብለሽ ከማጠፍሽ በፊት ወገቡን፣ ኪሱንና ብብቱን ጉንጭሽ ላይ አስጠጊ፤ ቅዝቅዝ ካለሽ አልደረቀም።

መሃል ከተማ ስለሆናችሁ ይህንንም አስቢበት፤ እርጥብ ጨርቅ ጭስ ይስባል። በመንገድ በኩል ባለው በረንዳ፣ ታክሲና አውቶቡስ በሚተራመስበት የሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት፣ ወይም ከሥር ያለው ጎረቤት ቁሌት ሲያቁላላ የተሰጣ ልብስ የትኛውም ሳሙና አያድነውም። በጋ ላይ ጥላና ንፋስ ይበቃዋል፤ ቀጥታ ፀሐይ ለስላሳውን ሽቶ ያተነዋል፣ ጥበቡንም ያደበዝዘዋል።

መልስ፦ ቆጣቢዋ

ቀላሉ መንገድ ሳይነሳ ቀረ። ሳሙናው ሽቶ የሌለው ይሁን፤ በመጨረሻው ማለቅለቂያ ላይ ማለስለሻ፣ ከተጻፈው ልክ ሩቡን ብቻ። የሽቶውን መጠን በክዳን ትቆጣጠሪዋለሽ። ሽቶ ያለው ሳሙና ላይ ሽቶውን ልቀንስ ብትዪ ጽዳቱንም አብረሽ ነው የምትቀንሺው።

መልስ፦ ሳሙና ቀማሚ

ለሸሚዝና ለአንሶላ እስማማለሁ። ለፎጣ ግን አይሆንም፤ ማለስለሻ ጨርቁን በስስ ቅባት ስለሚለብጠው ፎጣው ውሃ መምጠጥ ይለግማል፣ የስፖርት ልብስም ላቡን ይዞ ይቀራል። ከሳሙናው ጋር በአንድ ውሃ ደግሞ አይግባ። የሳሙናው አጣቢ አሉታዊ (ኔጋቲቭ)፣ የማለስለሻው አዎንታዊ (ፖዘቲቭ) የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው ይያያዙና ሁለቱም ከሥራ ውጪ ይሆናሉ፤ ልብሱ ላይም ቅባት የመሰለ ነጠብጣብ ይተዋሉ። የሕፃኑ ልብስ ላይ ማለስለሻም ሽቶም አይኑር፤ ለብቻው ታጥቦ አንድ ተጨማሪ ማለቅለቂያ ይሰጠው።

መልስ፦ ቆጣቢዋ

ቀድሞውኑ እምክ ላለው ጋቢ፦ 10 ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ 1 ሰዓት ዘፍዝፎ ከዚያ በሳሙና ማጠብ። ቤኪንግ ፓውደር አላልኩም! እሱ ስታርች አለው፣ አሲድም አለው፤ ለዳቦ ነው። ከአቼቶ ጋርም በአንድ ውሃ አይቀላቀል፣ ይጣፋሉ።

ጥያቄ፦ የአራት ኪሎዋ

እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ልጠይቅና ላብቃ። ሰፈር ውስጥ በ5 ሊትር ጀሪካን የሚሸጠው ፈሳሽ ሳሙና ለልብስ ይሆናል? እናቴ ደግሞ ቁም ሳጥኑ ውስጥ አሪቲ አድርጊበት ይሉኛል።

መልስ፦ ሳሙና ቀማሚ

የጀሪካኑ ብዙ ጊዜ ከሰልፎኒክ አሲድ (አረፋ ከሚያወጣው የፈሳሽ ሳሙና ጥሬ ዕቃ) የሚሠራ ነው፤ አሲድነቱ በኮስቲክ ሶዳ ተሰብሮ፣ በጨው ወፍሮ፣ ቀለምና ሽቶ ይጨመርበታል። ለዕቃና ለወለል ይሠራል። ለማሽን አረፋው ይበዛል፤ የጥሬ ዕቃው ሽታ እንዲሸፈን ሽቶውም ይበዛል፤ ልኩ ካልተጠበቀ ኮስቲኩ ተርፎ እጅ ይልጣል። ሲፈስ ወፍራም ነው ብለሽ ጠንካራ እንዳይመስልሽ፣ ያወፈረው ጨው ነው።

መልስ፦ ሳፋና ባልዲ

እናትሽ ልክ ናቸው። አሪቲው በጥላ ይድረቅ፤ አንድ እፍኝ በስስ ሻሽ ቋጥረሽ ልብሱን በማይነካበት ጥግ አንጠልጥዪው፣ ቀለሙ ነጭ ነጠላ ላይ እንዳያልፍ። ሽታው ሲደክም ቋጠሮውን እሽት እሽት ማድረግ ነው፣ ያ ካልመለሰው ይለወጥ። ጠርሙስ ውስጥ ያለውን የሽቶ ዘይት ልብስ ላይ ጠብ አታድርጊ፣ የማይለቅ የቅባት ምልክት ይተዋል። ከሁሉ በፊት ግን ቁም ሳጥኑን ባዶ አድርገሽ በሩን ከፍተሽ አንድ ቀን አውዪው፤ ጀርባው ግድግዳውን ነክቶ ከሆነም አራት ጣት ያህል ሳቢው።