የሁለተኛ ካሜራ ግዢ፦ ከጥር ሰርግ በፊት የሚያልቅ ዕቅድ
(የሰርግ ፎቶ አንሺዎች ማኅበር የጽሑፍ ውይይት፤ አባላቱ በሰፈራቸው፣ በሥራቸው ወይም በዕቃቸው ተጠርተዋል)

ጸሐፊ (ኅዳር 16)
ጾሙ ገብቷል። እስከ ጥር ሰርግ የለም። አሁን ካልጨረስነው ዘንድሮም አይሆንም። ረቂቁ ይሄ ነው። አንድ ያገለገለ ፉል ፍሬም (ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰሩ ትልቅ የሆነ) ካሜራ፣ ካኖን 5ዲ ማርክ 3፣ ቦዲ ብቻ፣ ያለ ሌንስ። በማኅበሩ ስም ይገዛል። ሰርግ የያዘ አባል እንደ ሁለተኛ ካሜራ በተራ ይወስደዋል። አዲስ አበባ የተጠራልን 95 ሺህ ነው። 14 አባላት በ7 ሺህ፣ 98 ሺህ ይመጣል። የቀረችው 3 ሺህ ለመንገድና ለሚሞሪ ትሆናለች። ካሜራው ላይ «የማኅበሩ ንብረት» የሚል ስቲከር ይለጠፋል። አስተያየት እስከ እሑድ።

የፒያሳዋ
እኔ ሰባቱን ዛሬ አስገብቻለሁ። ለምን ማርክ 3 እንዳልን አዲስ የገባችሁ እወቁት። ሁለት ሚሞሪ ይይዛል፤ አንድ ሲኤፍ፣ አንድ ኤስዲ የሚባል ካርድ። አንዱን ፎቶ ሁለቱም ላይ ይጽፈዋል። ግንቦት ላይ የኔ ሚሞሪ ሲሞት ምን እንደደረሰብኝ ታውቃላችሁ። ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ፣ ጉልበት ስትስም፣ አባቷ ሲመርቁ ያነሳሁት በሙሉ ጠፋ። 400 ፎቶ ነው። አባትየው ነሐሴ ላይ አረፉ። የዚያ ምርቃት ፎቶ የለም። ልጅቷን መንገድ ላይ ባየሁ ቁጥር ጉልበቴ ይከዳኛል።

የመናኸሪያው
ማርክ 3 ጥሩ ነው። በፈረንጅ 2012 የወጣ ነው፤ ግን 22 ሜጋፒክስልና 61 የፎከስ ነጥብ ለኛ ሥራ ይበቃል። እኔ የምፈራው ሹተር ካውንቱን፣ እስካሁን ያነሳውን የፎቶ ብዛት ነው። ሹተሩ የተሠራው ለ150 ሺህ ፎቶ ነው። ካኖን ደግሞ ቁጥሩን ፎቶው ውስጥ አይጽፈውም። ኬብልና ላፕቶፕ ይዞ በፕሮግራም ማንበብ ነው። ደላላ «ብዙም አልሠራ» ስላለ ብቻ ብር እንዳንቆጥር።

ባለ ኒኮኑ
ለዚህ ነው ኒኮን ዲ750 ያልኳችሁ። የ2014 ነው፣ 24 ሜጋፒክስል፣ ሁለት ኤስዲ ይወስዳል። ካውንቱም ፎቶው ውስጥ አለ። አንድ ፎቶ ማስላክ ብቻ ነው።

ጸሐፊ
የኒኮን ሌንስ ያለህ አንተ ብቻ ነህ። አምናም ተነጋግረንበታል።

የአቶቴው
ስቲከሩን አልቀበልም። በቀረው እስማማለሁ።

ገንዘብ ያዥ
ስቲከር ምን አደረገህ?

የአቶቴው
ሰርግ ላይ ሰው የሚያየው ካሜራዬን ነው። የማኅበሩ ትራይፖድ ላይ የለጠፋችሁትን ስቲከር የሙሽራው ወንድም ጎንበስ ብሎ አነበበው። «የራስህ ዕቃ የለህም እንዴ?» አለኝ፣ ሚዜዎቹ ፊት። ማታ ሒሳብ ላይ 2 ሺህ ብር ቀነሰብኝ። ምን ብዬ ልከራከር? በተውሶ ዕቃ የመጣ ሰው አፉን ሞልቶ ዋጋ መጥራት አይችልም።

ጸሐፊ
ስቲከሩ የሁለት ጣት ስፋት ነው።

የአቶቴው
የት ነው የሚለጠፈው?

ጸሐፊ
ከፊት። በሌንሱ ጎን።

የአቶቴው
በጭራሽ።

ነባሩ
እኔ ከፊልም ጊዜ ጀምሮ እዚህ ሐይቅ ዳር ፎቶ አነሳለሁ። ስም የሌለው ዕቃ የማንም ነው። የጠፋውን የማኅበሩን የካሜራ ፍላሽ ረሳችሁት? ሦስት ሰው እየፈረመ ወሰደው፤ ሦስቱም «ለሌላው ሰጥቻለሁ» አሉ። ስም የሌለው ካሜራ ላይ እኔ ሰባት ሺህ አላወጣም።

ቪዲዮ
አንድ ጥያቄ አለኝ። የኔ 18-55 ሌንስ ማርክ 3 ላይ ይገባል?

የመናኸሪያው
የስቲከር ሙጫ ላስቲኩ ላይ ይቀራል። እጅ ሲያልበው ይላጥና ጥቁር ቆሻሻ ይይዛል። ስንሸጠውም ዋጋ ይጥላል።

ገንዘብ ያዥ
ማንገቻው ላይ በጥልፍ እናሠራው። ያምራልም።

ነባሩ
ማንገቻ በአንድ ደቂቃ ይፈታል፣ ልጄ።

ባለ ኒኮኑ
ሥሩ ላይ ሲሪያል ቁጥር አለው እኮ። የሚያነሳው ፎቶ ውስጥም ያው ቁጥር ይጻፋል። መዝገብ ላይ ይስፈር፣ የሚወስድ ሰው ይፈርምበት። ስቲከር ለምን ያስፈልጋል?

ነባሩ
ፍላሹም ቁጥር ነበረው። ማን አነበበው?

ጸሐፊ
ማንም አልመዘገበውም፣ ጋሼ። ያኔም ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። ጥፋቱ የኔ ነው።

ነባሩ
አንተን ለመክሰስ አይደለም የጻፍኩት። ግን ዕቃው የለም።

የሐይቅ ዳሩ (ኅዳር 18)
ይሄን ያህል ምን ያጨቃጭቃል? እኔ በየሳምንቱ አዲስ አበባ ነኝ። ግዢውን ለኔ ተዉት። ላፕቶፕ ይዤ እሄዳለሁ። ሐሙስ ሁለት ሦስቱን አይቼ ቪዲዮ እልክላችኋለሁ።

ጸሐፊ
ተመዝግቧል። ሐሙስ እንጠብቅሃለን።

የመናኸሪያው
ስትሄድ እነዚህን እይ። የሲኤፉን ጉድጓድ በባትሪ አብርተህ ተመልከት። ውስጡ ያሉት ቀጫጭን መርፌዎች አንዷ እንኳ ከታጠፈች ተወው። ከዚያ የሌንሱን ቀዳዳ በኤፍ 16 አጥብበህ ነጭ ግድግዳ አንሳና አጉልተህ እይ፤ ሴንሰሩ ላይ ያለ ነጠብጣብ በሙሉ ይታያል። በሁለት ሚሞሪ ስትሞክረው ቢንቀረፈፍ ደግሞ አትደንግጥ። የኤስዲው ጎን ከጥንቱም ዘገምተኛ ነው፤ ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ካሜራው በኤስዲው ፍጥነት ይሄዳል።

የታቦሩ
አሁንም ስቲከሩ አልተወሰነም። እኔ እውነቱን ልናገር። ዕቃው ላይ ስም እንዳይኖር የሚከራከር ሰው መመለስ ያላሰበ ሰው ነው።

የአቶቴው
ይሄን ቃል አንሳ።

የታቦሩ
ስም አልጠራሁም።

የአቶቴው
ስቲከሩን ያልተቀበልኩት እኔ ብቻ ነኝ። ሌላ ስም ምን ያስፈልጋል? ከዚህ ማኅበር ወስጄ ያልመለስኩት ዕቃ ካለ ዛሬ ይነገር። ትራይፖዱን እግሩ የተሰበረ የተረከብኩት እኔ፣ በኪሴ አሠርቼ የመለስኩት እኔ። ማንም አመሰግናለሁ አላለኝም፣ አልጠበቅሁምም። ሌባ መባል ግን አልችልም። ቃሉ እስኪነሳ ድረስ ብሬ ይመለስልኝ።

የመናኸሪያው
የኔም ይቁም። እንዲህ እየተባባልን አብረን ዕቃ አንገዛም።

ቪዲዮ
እኔ ገና አላስገባሁም። የሌንሱን መልስ እየጠበቅሁ ነው።

ገንዘብ ያዥ (ኅዳር 20)
ሒሳቡ እንዲህ ነው። የአቶቴውን ዛሬ መልሻለሁ። የመናኸሪያው ይቁም ብሏል፣ ቪዲዮም ብሩን አላስገባም። የቀረነው 11 ነን፤ እጄ ላይ ያለው 77 ሺህ ነው። በዚህ ማርክ 3 አይገዛም።

የፒያሳዋ
እባካችሁ። ስለ አንዲት ወረቀት ነው እኮ የምንጣላው። ጥር እየመጣ ነው።

ነባሩ (ኅዳር 23)
ትናንት ሁለቱንም ሱቄ ጠርቻቸው ቡና ጠጥተናል። ልጁ ቃሉን አንስቷል። ያኛውም ይቅር ብሏል። እኔም ስለ ስቲከሩ ያልኩትን አለዝቤያለሁ። ፊት ለፊት ካልተለጠፈ ሞቼ እገኛለሁ አልልም።

የታቦሩ
አጥፍቻለሁ። ፍላሹን አስቤ ተናድጄ ነው። እሱን የሚመለከት አልነበረም።

የአቶቴው
አልፏል። ስቲከሩ የሚሞሪው በር ውስጥ ይሁን። በሩን ከፍቶ ያየ ብቻ ያነበዋል። ብሩን ግን ለልጄ ትምህርት ቤት ከፍዬዋለሁ። ከጥር በኋላ አስገባለሁ።

የመናኸሪያው
እኔም ብሩን አንሥቼ ፍላሽ ገዛሁበት። ከጥር በኋላ።

ጸሐፊ
የሚሞሪው በር ውስጥ፣ የጥፍር ስፋት። ሁሉም ተስማምቷል። ቃለ ጉባኤ ላይ ገብቷል።

ቪዲዮ
ለሦስተኛ ጊዜ ልጠይቅ። የኔ 18-55 ይገባል ወይስ አይገባም?

ባለ ኒኮኑ
አይገባም። ሌንስህ ማያያዣው ላይ ነጭ ካሬ ምልክት አለው። ያ ኢኤፍ-ኤስ ነው፣ ለክሮፕ (ሴንሰሩ ትንሽ ለሆነ ካሜራ) ብቻ። ፉል ፍሬም ካኖን የሚቀበለው ቀይ ነጥብ ያለውን ነው። ኢኤፍ-ኤስ ወደ ውስጥ ጠልቆ ስለሚገባ የፉል ፍሬሙ መስታወት ይመታው ነበር፤ ለዚህ ነው ጭራሽ እንዳይያያዝ የተደረገው።

ቪዲዮ
እንግዲያው ሌንስ የሌለው ቦዲ ለኔ ምን ያደርግልኛል?

የታቦሩ
የኔም ነጭ ካሬ ነው። አሁን ሱቅ ውስጥ አየሁት።

ገንዘብ ያዥ
የኔም። ስንቶቻችን ነን?

ጸሐፊ
ቆጠርኩ። ከ14ታችን ቀይ ነጥብ ያለው ሌንስ ያለን ስድስት ነን። ይሄን ነገር ረቂቁን ስጽፍ ማየት ነበረብኝ።

ነባሩ
ስለዚህ ሌንስም ይገዛ። ሌንስ ሲገዛ ደግሞ ፈንገስ የለበትም ወይ ብላችሁ በብርሃን አሳልፋችሁ እዩት። የኛ ከተማ አየር እርጥበት አለው። ሁለቱ ሌንሶቼ ውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር በቅሎባቸው ነው የጣልኳቸው።

የታቦሩ (ኅዳር 27)
ደውዬ አጣራሁ። ካኖን 6ዲ 58 ሺህ አለ። 50 ሚሊ 1.8 ሌንስ 17 ሺህ። 75 ሺህ ይመጣል፣ 2 ሺህ ለመንገድ ትተርፋለች። እጃችን ላይ ካለው ጋር ልክ ነው።

የመናኸሪያው
6ዲም የ2012 ነው። 20 ሜጋፒክስል። የፎከስ ነጥቡ 11 ብቻ ነው፤ የሚታመነው መሃለኛው ነው። እሱ ግን በጨለማ ይይዛል፤ አዳራሹ መብራት አጥፍቶ ሻማ ሲበራ እንኳ አያሳፍርም። ባትሪው ከካኖን 80ዲ ጋር አንድ ነው። 700ዲ ያላችሁ ግን ባትሪያችሁ አይገባም።

ባለ ኒኮኑ
50 ለቤተሰብ ፎቶ ይጠባል።

የታቦሩ
የቤተሰቡን በዋናው ካሜራህ ታነሳለህ። ይሄ ሁለተኛ ነው።

ገንዘብ ያዥ
ከሦስቱ ሰዎች ብሩ እስኪመጣ ትርፍ ቀኑን አባል ላልሆነ ሰው እናከራየው። በቀን 1,500። ሌንስ መጨመሪያ ይሆነናል።

የአቶቴው
ጥሩ ሐሳብ ነው።

ነባሩ
ይሁን። ቁጥሩ ይመዝገብ ብቻ።

የፒያሳዋ
ቆይ። 6ዲ ስንት ሚሞሪ ነው የሚይዘው?

የመናኸሪያው
አንድ ኤስዲ።

የፒያሳዋ
አንድ ከሆነ የግንቦቱን ነገር የሚያስቀር ምን አለ? የጀመርነው ለዚህ ነበር። ጥር ላይ ደግሞ ለውጭ ሰው ተከራይቶ ከጠበቀኝ ሁለተኛ ካሜራ አለኝ ማለት አልችልም።

ጸሐፊ
እውነትሽን ነው። ግን በ77 ሺህ ሌላ ምን ይገዛል? የሰርግ ቅዳሜና እሑድ አይከራይም፤ እሱን ደንቡ ውስጥ አስገባለሁ። ሁለት ካሜራ ይዘሽ ግማሹን በአንዱ፣ ግማሹን በሌላው ካነሳሽ አንዱ ሚሞሪ ቢሞት ሌላው ይተርፋል።

የፒያሳዋ
ምርቃቱ ሁለት ደቂቃ ነው። እንባ እየወረደ ነው። የትኛውን ካሜራ ላነሳ?

ነባሩ
ሚሞሪ መቀየር ልመዱ። ቤት ለሚነሳው አንድ ሚሞሪ፣ ሐይቅ ዳር ለሚነሳው አንድ፣ ለአዳራሹ አንድ። ቤት የተነሳውን አውጥታችሁ ለምታምኑት ሰው ስጡ። እኛ በፊልም ጊዜ ጥቅሉን እንዲያ ነበር የምናደርገው።

የፒያሳዋ
ጋሼ፣ ይሄ ደንቡ ውስጥ ይጻፍልኝ።

ጸሐፊ
ይጻፋል። የሐይቅ ዳሩ፣ ሐሙስ አልፏል። ቪዲዮ አልላክህም። መቼ ነው የምትሄደው?

ጸሐፊ (ታኅሣሥ 2)
የሐይቅ ዳሩ?

ገንዘብ ያዥ
ስልኩ አይነሳም። ሱቁም ሦስት ቀን ዝግ ነው። ሌላ የሚሄድ አለ?

ቪዲዮ
እኔ እስከ ጥር መውጣት አልችልም።

የታቦሩ
እኔ መንገዱን እችላለሁ፣ ካሜራውን ግን መመርመር አልችልም።

የፒያሳዋ
እኔ እሄዳለሁ። ሐሙስ በመጀመሪያው መኪና። የመናኸሪያው፣ ኬብሉንና ፕሮግራሙን ረቡዕ ማታ አምጣልኝ። የ6ዲው ሹተር ለ100 ሺህ ፎቶ ነው የሚባለው፤ ከ60 ሺህ በላይ ካነበብኩ አልገዛም። ብሩን ከመክፈሌ በፊት ግን ሱቆቹን በሙሉ እዞራለሁ። በ77 ሺህ ሁለት ሚሞሪ የሚይዝ ካገኘሁ፣ ሌንስ ባይኖረውም፣ እዚያው ቆሜ እደውልላችኋለሁ። ስልክ አንሱ።