ራም ከጨመርኩ ወዲህ ኮምፒውተሬ ኤክስፖርት ላይ እየጠፋ አስቸገረኝ፣ የሰው ሠርግ እጄ ላይ ነው

ኤዲተሯ

ሰላም ለሁላችሁም። እኔ ቪዲዮ ኤዲት እያደረግኩ ነው የምተዳደረው። የጥር ሠርጎች ተደራርበውብኝ ኮምፒውተሩ መንቀራፈፍ ሲጀምር ባለፈው ሳምንት አንድ 8 ጊጋ ራም ገዛሁና በነበረው 8 ጊጋ ላይ ጨመርኩ። ስከፍተው 16 ጊጋ ብሎ አነበበ፣ ደስ አለኝ። ማታ ኤክስፖርት (ያለቀውን ቪዲዮ ወደ አንድ ፋይል ማውጣት) ላይ ጥጄው ራት ልበላ ስል ሰማያዊ ስክሪን መጣና ሪስታርት አደረገ። ደግሜ ሞከርኩ፣ ያው ነው። አንዴ «ሜሞሪ ማኔጅመንት» ይላል፣ አንዴ ሌላ ረጅም ነገር ይጽፋል፣ አንዳንዴ ደግሞ ምንም ሳይል ድርግም ይላል። የሚገርመው ብሮውዘር ብቻ ከፍቼ ስሠራ ቀኑን ሙሉ ምንም አይሆንም።

ማሽኑ ዴስክቶፕ ነው። ኮር አይ 5 8400፣ ዜድ 370 ማዘርቦርድ፣ 4 የራም ስሎት (መሰኪያ) አለው። ፍጥነቱን የሚያሳየው ቁጥር የድሮው ራም ላይ 3000 ነው፣ አዲሱ ላይ 2666። ሁለቱም ዲዲአር 4 የሚባለው ዓይነት ናቸው፣ የሸጠልኝም ልጅ «ዲዲአር 4 ከሆነ ችግር የለውም» ብሎኛል። አዲሱን ከድሮው አጠገብ ነው የሰካሁት። ሰው ሁሉ ዊንዶውስ ቀይሪ እያለኝ ነው። እውነት ዊንዶውስ ነው? ቅዳሜ የማስረክበው ሥራ አለኝ፣ በጣም ጨንቆኛል።

ሰሚት ሰፈር

ዊንዶውሱን እንዳትነኪው። ትናንት ደህና የነበረ ማሽን ራም በገባበት ቀን ከታመመ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ራሙ ነው። አዲሱን አውጪና በድሮው ብቻ አንድ ቀን ሥሪበት። መውደቁን ከተወ ግማሹን መልስ አገኘሽ ማለት ነው።

የጥገና ባለሙያ

እህቴ፣ ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ልለምንሽ። ይሄ ነገር እስኪለይ ድረስ የካሜራ ካርድ ፎርማት አታድርጊ፣ ከሃርድ ዲስክ ወደ ሃርድ ዲስክም ምንም ነገር አታዛውሪ። ፋይል ኮፒ ስታደርጊ ዳታው በራም በኩል ነው የሚያልፈው፣ እና ራሙ አንዲት ቢት (የዳታ ትንሿ ቅንጣት) ካሳሳተ ያ ስህተት ዲስኩ ላይ ተጽፎ ይቀራል። ሰማያዊ ስክሪኑ ቢያንስ ይታያል። ይሄኛው ግን ድምፅ የለውም፣ የምታውቂው ከወር በኋላ ባለቤቱ ሲደውል ነው። ስንት ሰው ሲያለቅስ አይቻለሁ።

ብሮውዘር ላይ ደህና መሆኑ አያታልልሽ። ቀላል ሥራ ትንሽ ራም ነው የሚነካው፣ ኤክስፖርት ግን ሁለቱንም እስከ አፋቸው ሞልቶ ለብዙ ደቂቃ ያስጨንቃቸዋል። ደካማው ቦታ ያን ጊዜ ይወጣል።

አሁን ወደ ምርመራው። ሜምቴስት 86 ፕላስ የሚባል ፕሮግራም አለ፣ ነፃ ነው፣ ፍላሽ ላይ ትጭኚውና ዊንዶውስ ሳይከፈት ከፍላሹ ይነሳል። መጀመሪያ የድሮውን ራም ለብቻው፣ ቀጥሎ አዲሱን ለብቻው በዚያው ስሎት፣ በመጨረሻ ሁለቱን አንድ ላይ ፈትሺ። ሰዓታት ይወስዳል፣ ስለዚህ ማታ ለቀቅ አድርጊውና ተኚ። ቀይ መስመር ከወጣ ስህተት አለ ማለት ነው፣ አንድም ብትሆን «ትንሽ ናት» ብለሽ እንዳታልፊያት። ራም ስታወጪና ስታስገቢ ገመዱን ከሶኬት ንቀዪ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጫኚ፣ የኬዙን ብረት ነካ አድርጊ፣ ከዚያ ነው እጅሽን የምታስገቢው። ሲገባ ጫፉ ላይ ያለው መያዣ ቀጭ ብሎ ካልተቆለፈ አልገባም።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ባዮስ (ዊንዶውስ ሳይከፈት የሚገባበት የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ኤክስኤምፒ የሚባለው የራም ፍጥነት ማሳደጊያ ቅንብር በርቷል? የጥርጣሬዬ ዋና ቦታ እዚያ ነው። 3000 የሚለው ራም በራሱ ዝም ብሎ 3000 ላይ አይሄድም፣ ኤክስኤምፒ ሲበራለት ነው። ያ ቅንብር ግን ማዘርቦርዱ ላይ ላሉት ራሞች ሁሉ አንድ ነው፣ ለዚህ እንዲህ ለዚያ እንዲያ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ 2666 ተብሎ የተሠራው አዲሱ ራም ከአቅሙ በላይ እንዲሮጥ ይገደዳል። ያንቺ ፕሮሰሰር ራሱ ኢንቴል የሰጠው ጣሪያ 2666 ነው።

አራት ኪሎ

እኔ ላይ የደረሰው የተለየ ነበር፣ አቧራ ነው። የራሙን ወርቃማ ጥርሶች በነጭ ላጲስ ቀስ ብዬ አሸት አሸት አድርጌ፣ ፍርፋሪውን ጠርጌ መልሼ ሰካሁት፣ ይኸው ሁለት ዓመቱ። ከመፈተሽሽ በፊት ይሄን አድርጊ፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ኤዲተሯ

ወንድሞቼ በጣም አመሰግናለሁ። ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ፣ አንዱን ሌሊት መብራት ሄዶብኝ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ላጲሱንም አድርጌዋለሁ፣ ላጲሱ ጠቆር ብሎ ወጣ።

የድሮው ለብቻው ንጹሕ ነው። አዲሱም ለብቻው ንጹሕ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ስሰካቸው አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ስክሪኑ በቀይ መስመር ተሞላ። ባዮስ ገብቼ ሳይ ኤክስኤምፒው በርቷል፣ ማሽኑን የገጠመልኝ ልጅ ያኔ ያበራው ይመስለኛል። አጠፋሁትና ፍጥነቱ 2133 ላይ ወረደ። ሌሊቱን ሙሉ አስኬድኩት፣ 4 ዙር ጨርሶ ዜሮ ስህተት! ኤክስፖርቱም ሳይቋረጥ አለቀ።

ግን 3000 የነበረው 2133 ሆነ፣ ይሄ ነገር ሥራዬን አያዘገየውም?

የጥገና ባለሙያ

እንኳን ደስ አለሽ። የሸጠልሽ ልጅ የተበላሸ ዕቃ አልሰጠሽም ማለት ነው፣ ሁለቱ አብረው ያልተፈተኑ ራሞች ናቸው። ራም ሲገዛ አንድ ላይ የታሸገ ጥንድ ግዙ የምንለው ለዚህ ነው።

ስለ ፍጥነቱ ብዙም አትጨነቂ። ኤዲቲንግ ላይ ራም ሲያልቅበት ነው ማሽን የሚሞተው፣ ያኔ ዲስኩን እንደ ራም መጠቀም ይጀምራልና። ደግሞ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ነው የሰካሻቸው አይደል? ባለ 4 ስሎት ቦርድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር 2ኛውና 4ኛው ናቸው የሚያዙት፣ የቦርድሽን ማኑዋል እይ። እንደዚያ ሲሆን በሁለት መስመር ይሠራሉ፣ አጠገብ ለአጠገብ ከሆኑ ግን በአንድ መስመር ተጨናንቀው ነው። በፍጥነት ያጣሽውን በዚህ ታካክሺዋለሽ። ወደ 2400 ከፍ አድርገሽ መሞከር ይቻላል፣ ያኔም ሙሉ ሌሊት መፈተሽ አለበት። እኔ ብሆን ቅዳሜ ርክክብ እያለኝ አልነካካውም።

የቀረሽ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚን ከፍተሽ የኤስኤፍሲ ስካን ናው (sfc /scannow) ትእዛዝን አስኪጂ፣ በዚያ ሳምንት የተጎዳ የዊንዶውስ ፋይል ካለ ይጠግነዋል። ሁለተኛ፣ በዚያ ሳምንት ከካርድ የገለበጥሽውን ሁሉ እንደ አዲስ ገልብጪ። የፋይሉ መጠን እኩል ነው ብለሽ አትመኚ፣ ቢት ሲሳሳት የፋይሉ መጠን አይቀየርም።

ኤዲተሯ

2ኛውና 4ኛው ላይ አዛወርኳቸው፣ ደግሜም ፈተሽኩ፣ ንጹሕ ነው።

የገለበጥኩትን እንደ አዲስ ማየቴ ግን በጀኝ። የሙሽራዋ አያት ሲመርቁ የተቀረጸው ላይ፣ እጃቸውን ዘርግተው «ውለዱ ክበዱ» ሊሉ ሲሉ፣ ፊታቸው ላይ አረንጓዴ አራት ማዕዘኖች ተበትነው ሁለት ሰከንድ ያህል ቆይተው ይጠፋሉ። መጀመሪያ ሳየው ካሜራው ነው ብዬ ልቆርጠው ነበር። ካርዱ መሳቢያ ውስጥ ነበር፣ ፎርማት አላደረግኩትም። ከካርዱ መልሼ ገለበጥኩት፣ አያትየዋ ጥርት ብለው ወጡ፣ ምርቃቱም ሙሉ ነው።